የሰኢዳ መስመር

የመኪናዋ መሪ በስተቀኝ ነበር። ሙዘይን ዕድሜውን ሁሉ በግራ ተቀምጦ ስለነዳ፣ መንገድ ዳር የተተከለ የፖስታ ሳጥን ባየ ቁጥር ወይ ይርቃል፣ ወይ ይጠጋል። አሁንም አለቅጥ ተጠጋና የጎን መስታወቱ የሳጥኑን ክዳን ገጨው።

«አይዞዎት፣ አልተሰበረም» አለች ከጎኑ የተቀመጠችው ሰኢዳ። «ቀስ ብለው ሪቨርስ ያድርጉና እንደገና ይሞክሩ።»

ያልቻለው ይህን «አይዞዎት»ን ነበር። ብትቆጣው ይሻለው ነበር።

ይሠራበት የነበረው የብሉሚንግተን ከተማው ሆቴል የመኪና ማቆሚያውን ሥራ ለማሽን ሰጥቶ ካሰናበተው ወዲህ ያገኘው ሥራ ይሄ የፈረንጅ አገር የገጠር ፖስታ እደላ ነው። ለቃለ መጠይቅ ሲቀርብ፣ «ከአንተ በዕድሜ የሚያንስ ሰው ቢያርምህ እንዴት ትቀበለዋለህ?» ተብሎ ተጠይቆ ነበር። ፈገግ ብሎ፣ «በደስታ። እኔ እኮ የአገሬ ሰው የተጣላ እንደሆነ የማስታርቅ ሰው ነኝ» አለ። መልሱን እንደወደዱለት ከፊታቸው አንብቧል። ዛሬ ጠዋት ግን ከዉድበሪ ከተማ ወዲያ ካለችው ትንሽ ፖስታ ቤት ሲደርስ፣ አሰልጣኙ ሆና የጠበቀችው ሰኢዳ ሆነች።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሰኢዳና ባሏ ፈዋዝ ለሽምግልና የተቀመጡት በሙዘይን ሳሎን ነበር። ፈዋዝ፣ ሚስቱ በየገጠሩ ፖስታ ስታድል እየዋለች ቤቱ እንደተፈታ ተናገረ። ሰኢዳ አፏን ሳትከፍት ሙዘይን ቀደማት። «የሰው ደጅ ለደጅ ስትዞር የምትውል ሴት፣ የራሷን ደጅ መቼ ታውቀዋለች?» ሽማግሌዎቹ ሳቁ። እሷ ጫማዋን እንኳ በወጉ ሳታጠልቅ ወጣች። ትዳሩም በዚያው ፈረሰ። ስሟ በተነሳ ቁጥር ሙዘይን፣ «ምክር አልሰማ ብላ ነው» ይል ነበር።

«ፖስታውን በግራ ያንሱ፣ በቀኝ ያስገቡ» አለችው። «በሳጥኑ ጎን ያለችው ቀይ ባንዲራ ከቆመች የሚላክ ነገር አለ ማለት ነው። ሰዎቹ እኛን ነው የሚጠብቁት።»

በረዶው ከማሳው ላይ እየተገፈፈ ጥቁሩ አፈር ብቅ ብቅ ብሏል። በአንድ የእርሻ ቤት መግቢያ ላይ የጎማ ቦቲ የተጫማች ፈረንጅ አሮጊት ጥቅል ታቅፋ ቆማለች። ሰኢዳን በስሟ ጠርታ የልጆቿን ደኅንነት ጠየቀች። ከዚያ ወደ ሙዘይን እያየች በእንግሊዝኛ፣ «አባትሽ ነው?» አለች።

ሙዘይን መሪውን ጭምድድ አድርጎ ያዘ።

«አይደሉም» አለች ሰኢዳ። «ከሽማግሌዎቼ አንዱ ናቸው።»

የአሮጊቷ ፊት በራ። «ታድለሽ! ለኔ እንዲህ ያለ ሰው አልቀረልኝም» ብላ በመስኮቱ እጇን ዘረጋችለት። ጨበጣት። ጆሮው ድረስ ጋለ።

ትንሽ እንደሄዱ መኪናዋን ዳር አስይዞ አቆመ።

«ሰኢዳ… ያን ቀን የተናገርኩት…»

«ጋሽ ሙዘይን» አለች። ድምጿ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። «ያን ቀን በሰው ፊት ነው የተናገሩት። እዚህ ያለነው እኔና እርስዎ ብቻ ነን።» ወደፊት በእጇ አመለከተች። «መስመሩ ገና አላለቀም።»

የቀረውን መንገድ ስለ ሥራው ብቻ እያወሩ ጨረሱት። ፖስታ ቤቱ ሲደርሱ፣ «ጥሩ ነድተዋል። ለአለቃችንም እንደዚያው ነው የምነግራት» ብላው ባዶ ሳጥኖቹን ማውረድ ጀመረች። ሊያግዛት እጁን ሲዘረጋ፣ ዛሬ እንደደከመው፣ ሄዶ እንዲያርፍ በአክብሮት ነገረችው።

የራሱ መኪና ውስጥ ገብቶ ሞተሩን ሳያስነሳ ስልኩን አወጣ። ከሽማግሌዎቹ ለአንዱ፣ ለአብዱልሀፊዝ ደወለ። ያን ቀን ከሳቁት ሁሉ ድምፁ ጎልቶ የተሰማው እሱ ነበር።

«እህ ሙዘይን! ሥራው እንዴት ይዞሃል? ማን ነው የሚያሠለጥንህ?»

«ሰኢዳ ናት።»

«የቷ ሰኢዳ? ያቺ የፈዋዝ…» ሳቁ ሲመጣ ተሰማው።

«አትሳቅ» አለ ሙዘይን። «እሁድ ቤቴ ኑ። ያን ጊዜ የነበሩት አንድ እንዳይቀሩ።»

አብዱልሀፊዝ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሽምግልና ነው እንዴ? በዳዩ ማን ነው?»

በመስታወቱ ማዶ ሰኢዳ የመጨረሻውን ሳጥን ታቅፋ በሩን በትከሻዋ ስትገፋ አያት።

«እኔ…» አለ። ለራሱ ብቻ በሚሰማ ድምፅ።

«አልሰማሁህም» አለ አብዱልሀፊዝ። «ማን?»