የብስኩት ቆርቆሮዋ ፔጊ

«ቀስ በይ! ቀስ በይ እንጂ ልጄ፣ ጭስ ማውጫዋ ሲነኩት ይወልቃል!» አለ ኖርማን እጁን ዘርግቶ።

«እኔው ነኝ ያጣበቅሁት፣ አውቃለሁ» አለችና ሄዘር ፎጣውን ፈትታ ባቡሯን የአዳራሹ ጠረጴዛ ላይ አቆመቻት።

ባቡር ብትባልም ለወጉ ነው። አካሏ የብስኩት ቆርቆሮ ነው፤ ሰማያዊ ቀለሙ በተላጠበት በኩል «ቅቤ የበዛበት» የሚለው ጽሑፍ ዛሬም ብቅ ይላል። ቢጫው ጭስ ማውጫ የጥርስ ሳሙና ክዳን ነው። ሆዷ ውስጥ ያለው ሞተር ደግሞ ከርካሽ መጫወቻ የተነቀለ። ቢሆንም ፔጊ መሆኗን ማንም አይስትም። በየእሑዱ በቴሌቪዥን ትመጣ የነበረችው፣ ዋሻ በደረሰች ቁጥር ፈርታ ቀጥ የምትለው፣ ያገሩ ልጅ ሁሉ «ፔጊ፣ አይዞሽ!» ብሎ ካልጮኸላት ንቅንቅ የማትለው ፔጊ። ሄዘር የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለች ከአባቷ ጋር በወጥ ቤታቸው ጠረጴዛ ላይ ሦስት ወር ሙሉ ተቀምጠው የሠሯት ናት።

«ዛሬ እኮ የአዲሷ ቀን ነው» አለ ኖርማን ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ይህችን ወደ መኪናው ብንመልሳት አይሻልም? ሰው ይስቅብሻል።»

«ይሳቅ! ሠላሳ ሰባት ዓመት ጠብቃ፣ አንድ ሰዓት ቢሳቅባት ምን ትሆናለች?»

«እኔ ላንቺው ብዬ ነው።»

«አባዬ፣ ደግሞ ምን ሆነሃል ዛሬ? ፊትህ አመድ መስሏል። ቁርስ በልተሃል?»

ኖርማን ሻይ ሊቀዳ ሄደ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የክራግቤክ ሞዴል ባቡር ማኅበር የቤተ ክርስቲያኑን አዳራሽ ግማሽ የሚሞላ፣ ከነድልድዩ አሳንሰው የሠሩት አንድ የባቡር መስመር አለው። መስመሩ የከተማቸው ጣቢያ ነው፤ ግን የዛሬው ጣቢያ አይደለም፣ የ1958 በጋ ነው። በዚያ በጋ ከተማዋ ውስጥ ያልነበረ ነገር መስመሩ ላይ አይወጣም፤ በቃ! አንድ ጊዜ አንዱ አባል በ1959 የተሠራች ጥፍር የምታህል መኪና አቁሞ ተገኘና ሁለት ሳምንት ሙሉ ሲነታረኩባት ከረሙ። እንዲህ ያሉ ሰዎች ናቸው። በቴሌቪዥን ብቻ የኖረች ባቡርማ በሕልማቸውም አትገባም። ዘንድሮ ግን አባላቱ አርጅተው፣ ጎብኚውም ሳስቶ፣ በር ላይ ቆመው መንገደኛ እስከመለመን ደረሱ። በዚህ መሐል አንድ ፋብሪካ የፔጊን ሞዴል ሠርቶ አወጣ። ሽማግሌዎቹም በልጆቻቸው ልጅነት የሚያውቋትን ባቡር ሲያዩ አላስቻላቸውም፤ ሕጋቸውን በገዛ እጃቸው ጥሰው አስመጧት። በሩ ላይ «ፔጊ፣ እንኳን ደህና መጣሽ» የሚል ጨርቅ ተሰቅሏል። ኬኩ ሳይቀር ሰማያዊ ነው።

ሄዘር ወሬውን ስትሰማ ደስታውም ንዴቱም እኩል ነው የመጣባት። የዚያን ጊዜ፣ የቆርቆሮዋ ፔጊ ያለቀች ዕለት፣ አባቷ በካርቶን ይዟት ወደ ማኅበሩ ስብሰባ ሄዶ ነበር፤ ሕዝብ በሚጋበዝበት ቀን መስመሩ ላይ እንድትሄድ ሊያስፈቅድላት። እሷ በመስኮት እያየች ጠበቀችው። ተመልሶ መጣና ኮቱን ሳያወልቅ፣ «ዴንት እምቢ አለ። ለመንኩት፣ ተከራከርኩት፣ ድርቅ አለ» አላት። ሚስተር ዴንት ሊቀመንበሩ ናቸው፤ ያኔም እሳቸው፣ ዛሬም በሰማንያ አራት ዓመታቸው እሳቸው።

ቂም የሚባለውን ነገር ያን ቀን ተማረችው፤ ጎበዝ ተማሪ ነበረች። በዚያው ሰሞን የሰውየውን የበር እጀታ በሽሮፕ ለቀለቀችው። ካደገች በኋላም አልለቀቃትም። በምትሠራበት መድኃኒት ቤት ሚስተር ዴንት በየወሩ የልብ መድኃኒታቸውን ሊወስዱ ሲመጡ፣ ቀና ብላ ሳታይ ከረጢቱን በባንኮኒው ላይ ገፋ ታደርግላቸዋለች። ከሁለት ዓመት በፊት ሚስታቸው ማቪስ ስትሞት አባቷን ቀብር አደረሰችና እሷ መኪናው ውስጥ ቁጭ ብላ ጋዜጣ አነበበች። እራት ላይ «ያ ደረቅ ሽማግሌ» እያለች ስታማቸው ስንት ዓመት! ኖርማንም ሳህኑን እያየ ፈገግ ይላል።

ዛሬ የመጣችው ለአንድ ነገር ነው። ሰውየው ለፋብሪካዋ ፔጊ በሩን ከከፈቱ፣ የሷን ፔጊ ፊት ለፊታቸው መስመሩ ላይ ልታቆማት ነው። እምቢ የሚሉ ከሆነም በሰው ፊት እምቢ ይበሉ።

ከሰዓት በኋላ በስምንት ሰዓት አዳራሹ ጢም አለ። ሚስተር ዴንት በከዘራቸው ተደግፈው ሁለት ቃል ተናገሩና መቆጣጠሪያውን አዞሩት። አዲሷ ፔጊ የሰዓት ያህል ድምፅ እንኳ ሳታሰማ ከጣቢያው ወጣች። ድልድዩን አልፋ ዋሻው አፍ ላይ ስትደርስ ሚስተር ዴንት ሆን ብለው አቆሟት። ከዚያ ሪዛቸው የሸበተ፣ መነጽራቸውን በክር ያንጠለጠሉ፣ ስለ አንድ ብሎን ወር ሙሉ ሲከራከሩ የሚከርሙ ሰዎች ባንድ አፍ፣

«ፔጊ፣ አይዞሽ!» ብለው ጮኹ።

ፔጊ ገባች። ጭብጨባ ሆነ፤ አንዱማ ዕንባውን በእጅጌው ጠረገ። ኖርማን ግን ከሻይ ማፍያው አጠገብ እንደቆመ ነው፤ አልጮኸም።

ሚስተር ዴንት ዞር ሲሉ ጠረጴዛው ላይ ያለችውን የቆርቆሮ ባቡር አዩ። ቀስ እያሉ መጡና ጎንበስ አሉ።

«እሷ ናት እንዴ?» አሉ። «የዚያን ጊዜዋ?»

«እሷ ናት» አለች ሄዘር፤ ለጠብ ተዘጋጅታለች።

«አይ የኔ ልጅ! እኔ እኮ ተጥላለች ብዬ ነበር። በይ ተነሽ፣ ምን ትጠብቂያለሽ? ቀጥሎ የምትሄደው እሷ ናት!»

ሄዘር ለእምቢታው ስንት መልስ አዘጋጅታ መጥታ፣ ለእሺታው አንድም አልያዘችም።

በዚህ መሐል የማኅበሩ ጸሐፊ ኮሊን አንድ አሮጌ መዝገብ ይዞ ወንበር ላይ ወጣ። ወደ ማኅበሩ ከመጣ አሥር ዓመት ቢሆነው ነው፤ የጨዋታ ሰው ነው፣ ክፋት የለበትም።

«ወዳጆቼ! ከኬኩ በፊት አንድ ነገር ላስቃችሁ። የድሮ ቃለ ጉባኤ ሳገላብጥ ምን ባገኝ ጥሩ ነው? ፔጊ ለካ ከዚህ በፊትም ደጃችን መጥታ ነበር! ስሙኝማ፣ 1988 ላይ ነው።» ጉሮሮውን ጠረገ። «‹አጀንዳ አራት። ከልጆች ቴሌቪዥን የተወሰደች ባቡር በማኅበሩ መስመር ላይ በምንም ምክንያት እንዳትሄድ። ሐሳቡን ያቀረቡት፦ ሚስተር ኖርማን ሂርስት።› ኖርማን! አንተ ጨካኝ፣ ጉድህ ወጣ!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አንዱ የኖርማንን ጀርባ መታ መታ አደረገው።

«ቆይ፣ አላለቀም» አለ ኮሊን። «‹በስድስት ድምፅ ጸደቀ። የተቃወሙት ሊቀመንበሩ ሚስተር ዴንት ብቻ ሲሆኑ፣ አንዲት ልጅ ደስ ቢላት መስመራችን አይፈርስም ማለታቸው ይመዝገብልኝ ብለዋል።› እንግዲህ ይኸው ተመዝግቦልዎታል፣ ሊቀመንበር!»

ሄዘር አልሳቀችም። የሰማችው ነገር ገብቷታል፤ ግን እንዳልገባት ሆኖ እንዲቀርላት ፈለገች። ሰዉን እየገፋች ሄደችና፣

«ኮሊን፣ እስቲ መዝገቡን» አለች።

ስሙ አለ። ኖርማን ሂርስት፣ በጥቁር ቀለም፣ አንድ ፊደል ሳይጎድል። ዓይኗ ወደ ታች ወረደ። «አጀንዳ አምስት። ለስድስት ወር በሙከራ ላይ የቆዩት ሚስተር ኖርማን ሂርስት ሙሉ አባል እንዲሆኑ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።» ሁለቱ አጀንዳዎች መሐል አንድ መስመር ባዶ ቦታ እንኳ የለም። ያመኑት ፈረስ በደንደስ ይጥላል የሚባለው ይኸው ነው።

አባቷን የአዳራሹ ጓዳ ውስጥ አገኘችው። የታጠበ ስኒ እንደገና ያጥባል።

«አንተ ነህ ያቀረብከው?»

«ሄዘር፣ ያኔ እኮ ነገሩ…»

«አዎ ወይ አይደለም በለኝ።»

ውኃውን ዘጋው። «አዎ።»

«ለምን?»

«ካርቶኑን ስከፍት ሳቁ። አንዱ ኢንጂነር፣ አንዱ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር፤ እኔ የአውቶብስ ሾፌር። ‹ይሄ ነው የአዲሱ ሰውዬ ሥራ?› ተባባሉ። አፌ ቀደመኝ። ‹አይ፣ የልጅ ነገር ነው፣ እኔ ራሴ እንድትከለከል ነው የማቀርበው› አልኩ። ከዚያ ወዲያ ወደውኝ አደሩ።»

«እሺ፣ እሱስ ይሁን። ፈሪ ነበርክ፣ ሰው ይፈራል። ሚስተር ዴንት ነው ያልከኝስ?»

«ታለቅሺ ነበር። እንድትጠዪኝ አልፈለግኩም።»

«ስለዚህ እሳቸውን ልጥላቸው?»

«ትረሺዋለሽ ብዬ ነው። ልጅ ነሽ፣ ሳምንት አይቆይም ብዬ…»

«ሠላሳ ሰባት ዓመት! ሠላሳ ሰባት ዓመት ስሰድባቸው እፊቴ ተቀምጠህ ድንችህን ስትበላ! ማቪስ የተቀበረች ዕለት መኪና ውስጥ ጥለኸኝ ስትገባ ዞር ብለህ አየኸኝ እኮ፣ አባዬ። አየኸኝና በሩን ዘጋህ። አንዲት ቃል! ‹ልጄ፣ ነይ ግቢ፣ ሰውየው በድሎሽ አያውቅም› ብትለኝ ምን ነበረበት?»

«በቆየ ቁጥር እየከበደ መጣ።»

«ለኔ አልከበደኝማ! ስላላወቅሁ።»

ኖርማን ስኒውን ጨብጦ ቆመ። ሽማግሌ መሆኑን ያን ጊዜ አየችው፤ ልታዝንለት ፈለገችና አልሆነላትም። ልትሰድበው ፈለገች፣ እሱም አልመጣላትም። ትታው ወጣች።

ሚስተር ዴንት ከመስመሩ አጠገብ ወንበር ይዘው ተቀምጠዋል። የቆርቆሮዋን ፔጊ ጭናቸው ላይ አድርገው መንኮራኩሯን በመሐረብ ይወለውላሉ።

«ሚስተር ዴንት፣ ለምን አልነገሩኝም?»

«ምኑን?»

«እርስዎ እንዳልነበሩ። እኔ እኮ እስከ ዛሬ የከለከሉኝ እርስዎ ነበሩ የሚመስለኝ።»

ሽማግሌው መወልወላቸውን አቆሙ። ወደ ጓዳው በር አየት አደረጉና ነገሩ ገባቸው።

«እንዲህ ነው ለካ» አሉ። «ባልበላሁት ዕዳ! እኔማ ተፈጥሮሽ ነው ብዬ ነበር። ማቪስ ነፍሷን ይማርና መድኃኒት ይዤ በተመለስኩ ቁጥር፣ ‹ዛሬስ ያቺ ልጅ ሳቀችልህ?› ትለኝ ነበር። ‹አልሳቀችም› ስላት፣ ‹ጥርሷን ያማት ይሆናል፣ ታሳዝነኛለች› ትላለች።»

ሄዘር እዚያው አለቀሰች። ሰው ያያል አላለችም።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ። ለማቪስም።»

«ተይ እንግዲህ፣ ተይ የኔ ልጅ። ማቪስ ብትኖር ይሄኔ ሆዷን ይዛ ነበር የምትስቀው። የበሩ ሽሮፕም አንቺ ነሽ ማለት ነው?»

«እኔ ነኝ።»

«በይ ነይ፣ ይህችን እናስኪዳት።»

አስቀመጧት። የቆርቆሮዋ ፔጊ እንደ አሮጌ የሥጋ መፍጫ እየተንኳኳች፣ በግራ መንኮራኩሯ እያነከሰች ወጣች። ልጆቹ ከፋብሪካዋ ይልቅ ለሷ ተንጫጩ። ዋሻው አፍ ላይ ማንም ሳያቆማት ራሷ ቆመች፤ ሞተሩ ደክሞት ነው። አዳራሹ እንደገና «ፔጊ፣ አይዞሽ!» አለ። ሚስተር ዴንት በአንድ ጣታቸው ከኋላ ነካ አደረጓትና ገባች።

ሲያልቅ ዝናብ ይዘንብ ነበር። ሄዘር መኪናዋን ከአዳራሹ በር አስጠጋችና ወርዳ ጃንጥላ ዘረጋች። ኖርማን እንደ ልማዱ ወደ ፊተኛው በር ሄደ፤ እናቷ ከሞተች ወዲህ ቦታው የሱ ነው። ሚስተር ዴንት ከአዳራሹ ደረጃ ላይ የኮታቸውን ኮሌታ አቁመው ወደ አውቶብስ ማቆሚያው ይመለከታሉ።

«ሚስተር ዴንት! ይምጡ፣ አደርስዎታለሁ።»

«አይ፣ መንገድሽ አይደለም። አውቶብሱ ይመጣል።»

«ዛሬ መንገዴ ነው። ይምጡ ባክዎ፣ ዝናብ አይምታዎት።»

ከዘራቸውን እየተመረኮዙ መጡ። የኋላውን በር ሊከፍቱ እጃቸውን ሲዘረጉ ሄዘር በጃንጥላው አገደቻቸው።

«እዚያ አይደለም። እርስዎ ከፊት ነው የሚቀመጡት።»

ኖርማን የፊተኛውን በር እጀታ እንደያዘ ነው። ዝናቡ በባርኔጣው ጠርዝ ይወርዳል። ልጁን አያት፤ ትስቅ እንደሆነ፣ ትቀልድ እንደሆነ።

«ልጄ…» አለ።

«አባዬ፣ አንተ ከኋላ ግባ። መጀመሪያ እሳቸውን ነው የማደርሰው፤ ለሻይ ግቢ ካሉኝም እገባለሁ፣ አንተ መኪና ውስጥ ትጠብቀኛለህ።»

ኖርማን እጀታውን ለቀቀና የኋላውን በር ከፈተ።