ፈንታነሽ የቆመችባቸው ሰባት ደቂቃዎች

በ2011 ዓ.ም. ጥር ወር፣ ከጥምቀት በኋላ ባለው ሳምንት፣ በደብረ ታቦር የምሠራበት የአእምሮ ሕክምና ክፍል ሲጋራ ለማስተው አዲስ መንገድ መሞከር ጀመረ። ከዚያ በፊት የነበረን ምክር ብቻ ነው። አሁን ታካሚው ዓይኑን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን መነጽር ያጠልቃል፤ በመነጽሩ ውስጥ ራሱን ሲጋራ በሚያምረው ቦታ ያገኘዋል፤ አምሮቱ እስኪያልፍ ድረስም ሳያጨስ መቆየትን ይለማመዳል። ዘዴው ምናባዊ እውነታ ይባላል። ስሙን ለታካሚዎቼ ለማስረዳት ሞክሬ ስላልተሳካልኝ፣ «መነጽሩ» እያልሁ ቀጠልሁ።

የመጀመሪያው ታካሚዬ ይሻው ነበር። ዕድሜው አርባ ሁለት ነው። ከሃያ ዓመት በፊት፣ የቅኔ ተማሪ ሳለ፣ ስኪዞፍሬንያ ያዘው፤ ሌላ ሰው የማይሰማቸው ድምፆች ይሰሙት ጀመር። መድኃኒቱ ድምፆቹን አደከማቸው እንጂ አላጠፋቸውም። ሲያጨስ ይበልጥ እንደሚርቁለት ይናገራል። የሚኖረው በጋፋት በኩል፣ በታላቅ እኅቱ በፈንታነሽ ግቢ፣ ለብቻው በተሠራች ጎጆ ነው። ትንባሆ በአርዮስ መቃብር ላይ የበቀለ ቅጠል ነው እየተባለ ያደገ ሰው በመሆኑ፣ በማንም ፊት አጭሶ አያውቅም።

በታኅሣሥ ወር ግን የጣለው የሲጋራ ቁራጭ የዓመቱን ጭድ አነደደው። የፈንታነሽ ባል ዘውገ አልጮኸም። «እስከ ፋሲካ እታገሣለሁ» አለ። «ከዚያ ወዲያ ጭስ ካየሁ፣ ጠበል ቦታ ወስጄ አስቀምጠዋለሁ፤ አልመልሰውም።» ዘውገ ያለውን የሚያደርግ ሰው መሆኑን ይሻውም ፈንታነሽም ያውቃሉ።

ከመነጽሩ ጋር የመጣው ምስል በሌላ አገር የተሠራ ነበር። መጠጥ ቤት ነው፤ ሰዎች ባንኮኒ ተደግፈው ያጨሳሉ። ይሻው በጥሞና ተመለከተ።

«አያ ይሻው፣ አሁን ከአሥር ስንት ያምርሃል?»

«ዜሮ።»

«ምንም?»

«ሲስተር ርብቃ፣ እኔ መጠጥ ቤት ገብቼ አላውቅም። ይህ ሰውዬ ደግሞ ቢራውን አንድ ጊዜ እንኳ እንካ አላለኝም። ምን ብሎ ያምረኛል?» መነጽሩን አወለቀ። «ይገርመኛል። እስከ ዛሬ የሌለ ነገር ሰማሁ ስላችሁ በመርፌ ትመልሱኝ ነበር። ዛሬ እናንተው አምጥታችሁ ታሳዩኛላችሁ።»

 ይህን ብሎ ሳቀ።

ሲጋራ የሚያምረው አንድ ቦታ ብቻ እንደሆነ የነገረኝ ያን ቀን ነው፤ ከጎጆው ጀርባ፣ ባሕር ዛፎቹ ከሚጀምሩበት፣ ከድንጋዩ ካብ ሥር። ቦታውን ማንም አያውቀውም አለኝ። እዚያ ሄደን ምስሉን ብናነሣ ይፈቅድ እንደሆነ ጠየቅሁት። ፈቀደ። «ለእታለም ግን ግቢውን እንደምታነሱ ብቻ ንገሯት» አለ፤ ታላቅ እኅቱን የሚጠራት እንዲህ ነው። እኔም ለፈንታነሽ፣ ቅዳሜ ግቢያቸውን ፎቶ ልናነሣ እንደምንመጣ ብቻ ነገርኋት።

ቅዳሜ ምስሉን ከሚያነሣልን ከዩኒቨርሲቲው መምህር ከምሕረትአብ ጋር ሄድን። ይሻው ሊገኝ ስላልፈለገ ቤተ ክርስቲያን ዋለ። ከጎጆው ጀርባ ስንደርስ ቦታው ተጠርጎ፣ በእበት ተለቅልቆ፣ ቄጤማ ተጎዝጉዞበት አገኘነው። ከቀረው ግቢ አንድም ስፍራ እንደዚያ አልተሰናዳም። ምሕረትአብ ካሜራውን በመሀል አቆመ። ካሜራው ዙሪያውን ሁሉ ስለሚያይ፣ እንዳንታይ ወደ ቤቱ ፊት ዞረን ተደበቅን።

ስሕተቱ የእኔ ነበር። ፎቶ ይነሣል ብዬ ለነገርኋት የቤት እመቤት፣ ከፎቶው ውጪ እንድትሆን አልነገርኋትም። ፈንታነሽ የበዓል ቀሚሷን ለብሳ፣ በሌላው በኩል ዞራ፣ ከካቡ ሥር ቄጤማው ላይ ቆማለች። መንቀሳቀስ ትችያለሽ የሚላት ሰው አልነበረም። ምስሉን ቢሮ ገብተን ስናየው፣ እጆቿን በነጠላዋ ውስጥ አጣምራ ሰባት ደቂቃ ሙሉ ሳትነቃነቅ ትታያለች።

«ተበላሽቷል» አለ ምሕረትአብ። «ከባሕር ዳር ስመለስ እንደግመዋለን።»

ማክሰኞ ይሻው ሲመጣ ይህንኑ ነገርሁት።

«እስቲ የተበላሸውን አሳዪኝ።»

መነጽሩን አጠለቀ። ራሱን ወደ ባሕር ዛፎቹ አዞረ፤ ወደ ካቡ አዞረ፤ እዚያው ቀረ።

«ማን ነገራት?»

«ማንም አልነገራትም። ስንደርስ ቦታው ተለቅልቆ ነበር።»

«ቁራጮቹስ?»

«አንድም አልነበረም።»

«ሁልጊዜም አይኖሩም» አለ ቀስ ብሎ። «ነፋስ የሚወስዳቸው ይመስለኝ ነበር።»



«ስንት ደቂቃ ቆመች?»

«ሰባት።»

«ጉልበቷን ያማታል እኮ።» ወደ ፊት ጎንበስ አለ። «እታለም፣ ተቀመጪ።»

መነጽሩን ላወልቅለት እጄን ዘረጋሁ። «አያ ይሻው፣ ምስል መሆኗን ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ፣ ሲስተር። የእኔዎቹ ዝም ማለት አይችሉም። እሷ ዝም ብላለች፤ በዚህ ለየኋት።»

አምሮቱን ጠየቅሁት። «ስምንት» አለ። ምስሉ ሲያልቅ ስድስት ሆኖ ነበር።

ሌላ ምስል አላነሣንም። ይሻው በየማክሰኞው እየመጣ በዚያው ምስል ተለማመደ። አምሮቱ ሲነሣ እጁን ኪሱ ይከታል፤ ባዶውን አውጥቶ መዳፉን ለፈንታነሽ ያሳያታል። በዐቢይ ጾም ሦስተኛ ሳምንት ፈንታነሽ ራሷ መጣች። ደጅ ላይ ለብቻ ጠራችኝ።

«ሲስተር፣ ባሰበት ልበል? ከጎጆው ጀርባ ሄዶ ባዶ እጁን ለድንጋይ ሲያሳይ አየሁት።»

ነገሩን አስረዳኋት። አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች።

«ታዲያ ለድንጋይ ከሚያሳይ ለእኔ ቢያሳየኝስ? እኔ እዚያው ቤት አለሁ አይደለም?»

ከዚያን ቀን በኋላ ለእሷ ያሳያት ጀመር። በጾሙ አጋማሽ በቀን ከአሥራ ሁለት ሲጋራ ወደ ሁለት ወረደ። ወዲያው ደግሞ እንቅልፍ ይጫነው ጀመር። የትንባሆ ጭስ አንዳንዱን መድኃኒት ከሰውነት ቶሎ ያስወግዳል፤ ማጨስ ሲቀንስ የቀድሞው መጠን ይበዛል። ሐኪሙ መጠኑን ቀነሰለት፤ ይሻውም ነቃ። ከሆሣዕና በፊት በነበሩት ዘጠኝ ቀናት አንድም አላጨሰም።

በሰሙነ ሕማማት ማክሰኞ ዘውገ አብሮት መጣ። በዚያ ሳምንት እጅ መጨባበጥ ስለሌለ፣ ከበሩ ላይ ራሱን ዝቅ አድርጎ ገባ።

«ይህን መነጽር የምትሉትን ላየው» አለ።

ይሻውን አየሁት፤ ራሱን ነቅንቆ ፈቀደ። መነጽሩን ለዘውገ አጠለቅሁለት።

«ሚስቴ ናት።»

«አዎ፣ አያ ዘውገ።»

«የበዓል ቀሚሷን ለብሳለች። ምን ትሠራለች?»

«ፎቶ የምትነሣ መስሏት ቆማ ነው። ስሕተቱ የእኔ ነው፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ይህን ሁሉ ጊዜ? እኔ ስጠራት አንድ ደቂቃ አትቆምልኝም።»

ይህን ብሎ ግን መነጽሩን አላወለቀም። ይሻው ከተቀመጠበት ተነሣ።

«አያ ዘውገ፣ ትናንት አንድ አጭሻለሁ።»

ይህን እኔም አልሰማሁም ነበር። ዘውገ ፊቱን አላዞረም፤ መነጽሩ ውስጥ እንደሆነ ጠየቀው።

«የት?»

«እዚያው፣ ከካቡ ሥር።»

«እሳቱስ?»

«በውኃ አጠፋሁት።»

«ቁራጩስ የት ጣልኸው?»

«አልጣልሁትም። ለእታለም በእጇ ሰጠኋት።»

«ምን አለችህ?»

«'ነገ ደግሞ ባዶውን ታሳየኛለህ' አለችኝ። ዛሬ ጠዋት አሳይቻታለሁ።»

ዘውገ ምስሉን እስከ መጨረሻው አየ። ከዚያ መነጽሩን በሁለት እጁ አውልቆ፣ መስተዋቱን በጋቢው ጫፍ ጠርጎ፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«ከፋሲካ ማግሥት ጀምሮ ይሻው ከእኛ ጋር በትልቁ ቤት ያድራል» አለ።