ምድጃ ያጠራው መስታወት

ይህን ታሪክ የሚነግራችሁ ሰው ማጋነን እንደሚወድ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ እኔም አልክድም። የዛሬው ግን ከራሱ እስከ ጅራቱ እውነት ነው። እናቴ ትሙት እንዳልል አጠገቤ ቁጭ ብላ ሹራብ ትሠራለች። ስለዚህ በራሴ ዕድሜ እምላለሁ፤ የቀረኝም ብዙ አይደለምና ቀልድ እንዳይመስላችሁ።

እትዬ ታላቅ እህቴ ናት። እኔና ትምህርት ቤቱ ስምንተኛ ክፍል ላይ ተሰለቻችተን ተለያየን፤ እሷ ግን የተማረችውን ለመቁጠር ሌላ የተማረ ሰው እስኪያስፈልግ ድረስ ተማረች። ሥራዋ መስታወትና ሴራሚክ ማሠቃየት ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፤ በአቶም ኃይል መብራት ከሚያመነጩ ጣቢያዎች የሚተርፍ መርዝ አለ። የትም አይደፋም። ከመስታወት ጋር ይቀልጥና ይረጋል፤ ከዚያ መሬት ውስጥ ይቀበራል። ጥያቄው መስታወቱ ሆዱ ውስጥ ያለውን ጨረር እስከ መቼ ይችለዋል የሚል ነው። ያብጣል? ይሰነጠቃል? መርዙ ሾልኮ የልጅ ልጆቻችን የሚጠጡት ውኃ ውስጥ ይገባል? እትዬ ይህን ለማወቅ ወጣትነቷን ሰጠች። እናታችን፣ ለመስታወቱ ያሳየችውን ትዕግሥት ሩቡን ለአንድ ወንድ ብታሳይ ኖሮ ዛሬ የልጅ ልጅ እስም ነበር ትላለች።

እኔንም ለምና ለምና እዚያው መሥሪያ ቤት ሾፌር አስቀጠረችኝ። አዲስ ሠራተኛ መስታወቶቹ ለጨረር በሚጋለጡበት በጨረር ክፍሉ በኩል ሲያልፍ ጆሮውን እንዲሸፍን፣ አለዚያ ሦስተኛ ጆሮ እንደሚበቅልበት የምመክረው እኔ ነኝ። ብዙዎች ሸፍነዋል። ከነሱ አንዱ ዛሬ የሒሳብ ክፍል ኃላፊ ነው።

የእትዬ የመጀመሪያ ናሙናዎች የጠፉት በመብራት ነው። የቀለጠ መስታወት ቀስ እያለ ካልቀዘቀዘ ይሰነጠቃል፤ መብራቱ ደግሞ ሥራው መሀል ላይ ሄደ። ምድጃው ሲከፈት ያገኘችው ስብርባሪ ነበር። ሁለተኛዎቹ ጨረር ክፍሉ ድረስ ደረሱ፤ የበሩ ሞተር ተቃጠለና ውጭ ቀሩ። መለዋወጫ ታዘዘ። ከስንት ጊዜ በኋላ የመጣው ዕቃ የሊፍት ሆኖ ተገኘ። መሥሪያ ቤታችን ፎቅ የለውም።

ሦስተኛዎቹ ግን ገቡ። ሳንቲም የሚያህሉ ክብ ክብ መስታወቶች ናቸው፤ አንዳንዶቹ ውስጣቸው የሴራሚክ ፍሬ የተዘራባቸው። ሲገቡ እንደ ውኃ የጠሩ ነበሩ። ያ ግድግዳው አልጋ የሚያዘረጋ ያህል የወፈረ ክፍል ውስጥ ለዓመታት ተቀምጠው ሲወጡ የሻይ ቀለም ይዘዋል። ጨረር መስታወትን እንዲህ ነው የሚያደርገው። ውስጡን ያውከዋል፤ ከቦታው የተፈናቀለው ነገር ሁሉ ቀለም ሆኖ ይታያል። እትዬ እነዚያን ቡናማ ክቦች ስታይ እናታችን የጎረቤት ሕፃን ስታይ የሚታይባት ዓይነት ፊት ይታይባት ነበር። ደግሞም የመጨረሻዎቹ ናቸው። የጨረሩ ምንጭ ደክሟል፤ ወደ ሠሪዎቹ ሊመለስ ነው። የእሷም ጡረታ ደርሷል። ሥራው በሌላ ሰው ይቀጥል ወይስ ይዘጋ የሚለውን የሚወስኑ እንግዶች ሊመጡ ነው፤ የምታሳያቸውም እነዚህኑ ነው።

እዚህ ላይ ኃላፊያችን ይገባል። እኛ የምንጠራው "በመርህ ደረጃ" እያልን ነው። ምንም ነገር ብትጠይቁት በመርህ ደረጃ ይፈቅድላችኋል፤ በተግባር ይከለክላችኋል። የክቦቹ ጉዳት ልኬት ከእንግዶቹ በኋላ ይደረግ፣ ናሙናዎቹ አዳራሽ ውስጥ በነጭ ጨርቅ ላይ ይደርደሩ ብሎ አዘዘ። እትዬ ናሙና የሳሎን ጌጥ አይደለም ብላ ተከራከረችው። እሱም በመርህ ደረጃ ተስማማና ወደ አዳራሹ አስወሰዳቸው። ምንነታቸውን በእጇ ጽፋ ከሥራቸው ያኖረቻቸውን ወረቀቶችም ለዓይን አይመቹም ብሎ አነሳቸው።

አሁን ደግሞ ጋሽ ምድጃን እወቁልኝ። ምድጃዎቹን የሚጠብቁ፣ ንጽሕና ካላዩ ምግብ የማይወርድላቸው ሽማግሌ ናቸው። ድሮ፣ እትዬ ገና አዲስ ሳለች፣ የመስታወት ዕቃዎቿን በሽቦ ፈትገው ጭረት በጭረት አድርገውባት ነበር። ያን ጊዜ እዚህ ቤት መስታወትና ሴራሚክ አይፈተግም፤ እድፍ ካለው ምድጃ ውስጥ ገብቶ ይለቃል ብላ ደንብ አወጣች። ጋሽ ምድጃ ከዚያ ወዲህ ደንቡን እንደ ጸሎት ይዘውታል። እንግዶቹ በሚመጡበት ዋዜማ ኃላፊው ጠራቸውና አዳራሹ ውስጥ አንዲት እድፍ እንዳላይ አላቸው።

በማግሥቱ ጠዋት ወንበር እያስገባሁ ሳለ እትዬ መጣች። ትሪው ላይ ያሉት ክቦች ብልጭ ብልጭ ይላሉ። መጀመሪያ ሰው የለወጠባት መስሏት አንዱን አንስታ ወደ መስኮቱ ወሰደችው። አገላበጠችው። ራሱ ነው፤ ጠርዙ ላይ የጫረችው ቁጥር አለ።

"ጋሼ፣ እነዚህን ማን ነካቸው?"

"እኔ ነኛ፣ ዶክተር። እንዴት ያለ የከረመ እድፍ ነው! ከማታ ጀምሮ ምድጃ ውስጥ አድረው ነው የለቀቁት።"

"እስከ ምን ድረስ አሞቋቸው?"

"አንቺው ባስተማርሽኝ ልክ። ሊለሰልሱ ጥቂት ሲቀራቸው አቆምኩ፣ ቀስ አድርጌም አቀዘቀዝኩ። አንድ ጭረት የላቸውም፣ እዪአቸው።"

እውነታቸውን ነበር፤ አንድም ጭረት የላቸውም። እትዬ ካስገባኋቸው ወንበሮች አንዱ ላይ ቁጭ አለች። ምን ሆነሽ ብላት፣ ሙቀት ለመስታወት ፈውስ ነው፤ የታወከውን ሁሉ ወደ ቦታው ይመልሰዋል አለችኝ። እና ጥሩ አይደል አልኳት። ሐኪም ቁስሉን ሳያየው የዳነ በሽተኛ አስብ አለችኝ፤ በሽታው ምን እንደነበር ከእንግዲህ ማን ያውቃል? ያ ሁሉ ዓመት አንድ ምሽት ምድጃ ውስጥ አድሮ ጠፋ። ጋሽ ምድጃ ነገሩ ቀስ በቀስ ሲገባቸው ቆባቸውን አውልቀው እሱን ማጠፍ ያዙ፤ ያጥፉታል፣ ይዘረጉታል፣ መልሰው ያጥፉታል።

ኃላፊው ሲገባ ትሪውን አይቶ እጆቹን አሻሸ፤ አሁን ገና አማረ አለ። ነገሩ ሲነገረው ፊቱ አመድ መሰለ። ወዲያው ግን በራለት። እትዬን ወደ ጥግ ወስዶ በሹክሹክታ፦

"ንጹሕ ሆነው ገቡ፤ ይኸው ንጹሕ ሆነው አሉ። ጨረሩ አልነካቸውም በያቸው። መሀል ላይ ምን ነበር ብሎ ማን ጠየቀን?"

እኔ በዚህ ሙያ ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ ውሸቱ ጥሩ እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። አጭር ነው፣ ለማስታወስ ይቀላል፣ እንግዶቹም መስማት የሚፈልጉት እሱን ነው። ከመስታወቱ ጋር ያለቀ ፀጉሯን አየሁና አሳዘነችኝ። "በይው፣ እትዬ" አልኳት። "ለአንድ ጊዜ ነው። እኔ ያንቺን ያህል ብማር በየቀኑ ነበር የምለው።"

ዞር ብላ አየችኝ። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

"አንተ ስትዋሽ ሰው ይስቃል" አለች። "እኔ ስዋሽ አምነውኝ መርዙን ይቀብሩበታል።"

እንግዶቹ መጡ። እትዬ ትሪው ፊት ቆማ፣ እነዚህ ትናንት የሻይ ቀለም ነበራቸው፣ ሳይለኩ በስህተት ምድጃ ገብተው ጉዳታቸው ጠፍቷል፤ ዛሬ የማሳያችሁ ነገር የለኝም አለች። ማን እንዳስገባቸው ሲጠይቋት፣ ደንቡ የኔ ነው ብላ አለፈችው። ኃላፊው የሆነ የጣሪያ ጥግ ሲመረምር ነበር። የእንግዶቹ አለቃ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ ሰውዬ፣ ያልተቃጠለ አንድ እንኳ አልቀረም ወይ ብሎ ጠየቀ። አልቀረም አለችው። አንዱን ክብ አንስቶ በሱ ውስጥ ወደ ውጭ አየ፤ ምን እንዳየ እንጃ፣ ማቆሚያ ቦታውና የኔ መኪና ናቸው ያሉት። ሻይ ጠጡ። ሐቀኝነቷን አደነቁ፤ ሁሉም በየተራ እጇን ጨበጡ። ከዚያ ሥራዋን ዘጉት።

የጨረሩን ምንጭ ትልቅ መኪና መጥቶ ወሰደው። ክፍሉ ዛሬ የወንበር ማከማቻ ነው። በዓለም ላይ እንደዚያ ባለ ግድግዳ የሚጠበቅ ወንበር ያለው የኛ መሥሪያ ቤት ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

እትዬ ያን ሰሞን ቤት ስትመጣ የቁም ሳጥን በር ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። አንድ ቀን የምቆጣው ሰው አጣሁ አለችኝ። ጋሽ ምድጃን እንዳትቆጣ ያደረጉት ያስተማረቻቸውን ነው፤ እንዲያውም ከሐፍረታቸው ብዛት በሌላ በር መግባት ጀምረው ስለነበር ሄዳ የሻይ ስኒዋን ሰጠቻቸውና እድፉን በምድጃ እንዲያስለቅቁላት ለመነቻቸው። ኃላፊው ደግሞ ከቀናት በኋላ ቢሮዋ መጣ። ደጃፉ ላይ ቆሞ፣ ወረቀቶቹን ያነሳሁት እኔ ነኝ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ አላት። እሷም ወንበር ሳበችለት።

አሁን ጡረታ እስክትወጣ አዳዲስ ክቦች እያቀለጠች ነው። ሩቅ ቦታ ሌላ የጨረር ክፍል አለ፤ ጽፋላቸው ወረፋ ሰጥተዋታል። ተራዋ የሚደርሰው ጡረታ ከወጣች በኋላ ነው፤ ከዚያ ደግሞ ገብተው የሚቀመጡባቸው ዓመታት አሉ። ማን ያወጣቸዋል፣ ማን ይለካቸዋል ብዬ ጠየቅኳት። ምድጃውን ከፍታ ግለቱን አየች።

እንግዲህ ምያለሁና ልጨርሰው። የሊፍቱም ዕቃ፣ የጆሮውም ነገር፣ የተቆለፈበትም ወንበር እውነት ነው። ከራሴ የጨመርኳት አንዲት ነገር ኃላፊው ይቅርታ የጠየቀባት ናት። ቢሮዋ አልመጣም። እትዬ ይህን ስጽፍ ከትከሻዬ በላይ ሆና አነበበችና እዚያች ላይ ስትደርስ ቆመች። ልሰርዛት እስክሪብቶዬን ሳነሳ፣ "ተዋት፣ ትቆይ" አለችኝ።