ግዝት የማይይዛት አጫጅ

ጾመ ነቢያት ገብቶ፣ ሰው ማጭዱን ስሎ ሲጠብቅ፣ ክረምቱ የረሳው ዕቃ ያለ ይመስል በኅዳር ተመልሶ መጣ። ቅዳሜና እሑድ ዘነበ። ሰኞ ጠዋት ቄስ ገብረ ኪዳን ከአማኑኤል ከተማ በላይ ባለችው ትንሽ ደብር ሕዝቡን ሰብስበው፣ ዝናቡን ያዝልን ተብሎ የሚለመንበት የሰባት ቀን ምህላ አወጁ። ማወጁስ ባልከፋ። «ምህላው እስኪፈጸም ማንም ማጭድ እንዳያነሣ በጴጥሮስ በጳውሎስ ቃል ገዝቻለሁ!» ብለው ጨመሩበት።

ደብሪቱ ከሴቶቹ ወገን ቆማ ይህን ስትሰማ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ተሳደበች። ስድቡ እዚህ አይጻፍም።

አይፈረድባትም። ባሏ ከሞተ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል። ከአራት ልጆች ጋር የቀረቻት ከቤተ ክርስቲያኑ ግርጌ ያለች አንዲት የጤፍ ማሳ ናት። እሷ ከተበላሸች ትልቋን ልጅ ከትምህርት ቤት አስወጥቶ ደብረ ማርቆስ ሰው ቤት ማስገባት ነው፤ ደላላው እንደሆነ ሁለት ጊዜ መጥቶ ልጅቱን ከላይ እስከ ታች አይቷታል። በዚያ ላይ በአገሩ ቀድሞ የተዘራውና የደረሰው የእሷና የድንበርተኛዋ ጤፍ ብቻ ነበር። ድንበርተኛዋ ደግሞ ራሳቸው ቄሱ ናቸው። የሌላው ሰው ማሳ ገና አረንጓዴ ነው። ጤፉ ያልደረሰለት ሰው ሰባት ቀን ቢጸልይ ምን ይጎዳዋል? ማክሰኞ ሊያጭድላት ቀጠሮ የያዘው ደቦ በግዝቱ ቀረ።

ምህላውም ምህላ ነው እንግዲህ። ወንዱ ድንጋይ ተሸክሞ ይቆማል፤ አርባ አንድ ጊዜ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ይባላል፤ በጣት አንጓ ይቆጠራል። የደቦው አለቃ አንለይ የሚሸከመውን ድንጋይ ሲመርጥ ሩብ ሰዓት ይፈጅበታል፤ ከዚያ ሁሉ ምርጫ በኋላ ይዞ የሚመጣው ትንሹን ነው። ቆጠራ የሚመራውም እሱ ነው፤ ሠላሳ ላይ ሲደርስ ይጠፋበትና ከአሥራ አምስት ይጀምራል። ደብሪቱ ጌታ ራሱ ሰምቶ ሳይጨርስ የሚሰለቸው ይመስላት ነበር። ቢሆንም ሦስት ቀን ጠብታ አልወረደም።

ረቡዕ ጠዋት የግብርናዋ ልጅ ሄለን ስልኳን ይዛ መጣች። ከሐዋሳ ተመድባ የመጣች ጴንጤ ናት። ስለ ጤፍ በወረቀት የማታውቀው የለም፤ ስታጭድ ግን ያያት የለም።

«እትዬ ደብሪቱ፣ ዓርብ ከባድ ዝናብ አለ። በረዶም ሊኖረው ይችላል።»

ደብሪቱ ስልኩን ሳይሆን ልጅቱን አየቻት።

«አንቺ ልጅ፣ የኛ ቄስ ግዝት ይይዝሻል?»

«እኔን? እኔንማ እንዴት ይይዘኛል?»

«በይ ማጭዱ እዚያ ጥግ ላይ አለ።»

ምሥራቅ ዞሮ መጸለይ የአባቶች ሥርዓት ነው። የደብሪቱ ማሳ ደግሞ ከደብሩ በስተምሥራቅ ነው። ስለዚህ ሕዝቡ ፈልጎ አልነበረም ያየው። ሄለን ጎንበስ ብላ የጤፉን ራስ በአንድ እጇ ጨበጠችና እንደ ጎመን ቀነጠሰችው። ሁለተኛውን ከወገቡ ቆረጠችው። ሦስተኛው ፍሬውን አርግፎ ባዶ አገዳ ሆኖ እጇ ላይ ቀረ። ላይ፣ እግዚኦታው ቀስ በቀስ ሳሳ።

«ኧረ በማርያም!» አለ አንለይ። «አገዳውን እኮ ማሳው ላይ ተወችው!»

«ወደ ጸሎታችሁ!» አሉ ቄሱ።

«ጸሎታችን ወደ ምሥራቅ ነው አባ። እሷም ያለችው እዚያው ነው።»

አንድ ሽማግሌ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሞት ያላስለቀሳቸው ሰው ናቸው፤ ጤፍ እንዲህ ሲታረድ ማየት ግን አልቻሉም። በመጨረሻ ቄሱም ዞረው አዩ፤ ፊታቸው ተለዋወጠ።

«ማነው ያሰማራት?»

ደብሪቱ ከሴቶቹ መሀል ወጣች። ምላሷ እንደ ልማዱ ነው።

«እኔ ነኝ። የገዘቱት እኛን ነው እንጂ እሷን አይደለም። አባ፣ ዝናቡን ያዝልን ብለን ለመንነው፤ ይኸው ሦስት ቀን ያዘልን! ምን እስክናደርግለት ነው የሚይዘው? ድንጋይ ተሸክመን ስንቆም እንዲያይ?»

ቄሱ መስቀላቸውን ከፍ አደረጉ፤ ደብሪቱም ከማኅበር የምትለይበትን ቃል ጠበቀች።

«ለዚህች ማሳ ፈትቻለሁ» አሉ በመጨረሻ። «ምህላው ግን አይቋረጥም።»

ድንጋዩ ባለበት ወደቀ። አርባ ወንድ ማጭዱን ከየቤቱ አስመጥቶ ቁልቁል ወረደና ተሰልፎ ገባ። አንለይ መጀመሪያ ያደረገው ማጭዱን ከሄለን እጅ መንጠቅ ነው። ቄሱ ከፊት «እግዚኦ!» ሲሉ አርባ ማጭድ አንድ ጭብጥ ይቆርጣል፤ «መሐረነ!» ሲባል ሌላ። ነዶ እንድትሸከም የተፈረደባት ሄለን በዚህ መሀል ምን እንደምትል ግራ ገብቷት፣ ቆይታ «ጌታ ሆይ» እያለች በራሷ ዜማ ገጠመችው። የከለከላትም የለም። ደብሪቱ ጠላ ስታቀርብ፣ በሦስቱ ቀን ያልመጣ ጸሎት ያን ዕለት ሳትጠራው ከአፏ ወጣ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ጤፉ ተከምሮ ሸራ ለበሰ።

ሐሙስ ሕዝቡ ወደ ደብሩ ተመለሰ። ዓርብ ከቀትር በኋላ በረዶው መጣና አንድ ሰዓት ሙሉ ደበደበው።

ቅዳሜ ጠዋት ደብሪቱ ክምሯን ልታይ ወረደች። ክምሩ ደህና ነው። ከድንበሩ ወዲያ ግን የቄሱ ጤፍ ከጭቃው ጋር ተለስኗል። ቄስ ገብረ ኪዳን መሀሉ ላይ ተቀምጠው፣ ነጭ ጥምጥማቸውን እንዳደረጉ፣ ዘለላ በዘለላ ከጭቃው ይለቅማሉ።

«አባ! ረቡዕ ሕዝቡ ሁሉ እዚሁ አልነበረም? አንድ እርምጃ እንዲሻገሩ ቢያዟቸው ምን ነበረበት?»

«ለአንቺ ማሳ ነዋ የፈታሁት» አሉ ቀና ሳይሉ። «ሕዝቡን ሁሉ አስሬ የራሴን ጤፍ ልፍታ?»

ደብሪቱ ዓመት ሙሉ ለእኚህ ሰው ያጠራቀመችው ስድብ ነበራት። አንዱም አልመጣላት አለ። አፈረች፤ ከዚያ ተናደደች፤ ከዚያ እያለቀሰች ጭቃው ውስጥ ገብታ አጠገባቸው ቁጭ አለች።

«ክምሩ የሁለታችን ነው» አለች።

«አይሆንም። ልጆች አሉሽ። ትልቋን ወደ ማርቆስ ልትልኪ ነው ሲሉም ሰምቻለሁ።»

«አልልክም! እስከ ሰኔ አብረን እንበላለን፤ ከሰኔ በኋላ አብረን እንራባለን። እኔ ደግሞ ብቻዬን መጥገብ አልችልበትም።»

ቄሱ የለቀሙትን ዘለላ ነጠላዋ ላይ አኖሩላትና ተነሡ። ላይ ደብሩ ዘንድ እግዚኦታው ያለ እሳቸው ተጀምሯል። ጭቃቸውን እንኳ ሳያራግፉ ተከታትለው ወጡ።