ደብዳቤው የተኛባቸው ጠረጴዛዎች

ተመራማሪዋ የታረመውን ረቂቅ ስትገልጥ የገጽ ቁጥር የተዛባ መስሏት ነበር። አርባ ሦስተኛው ገጽ ላይ መኖር የነበረበት ደብዳቤ የለም። ወደ ኋላ ሄደች፣ ወደ ፊት መጣች፣ የለም። በቦታው አንድ ዓረፍተ ነገር ተጎልቷል፦ «በባለድርሻ አካላት መካከል የታየው የመረጃ ልውውጥ ክፍተት ሊጠናከር ይገባዋል።»

ደሟ ፈላ።

ያ ደብዳቤ የጥናቷ ልብ ነበር። ባለፈው ክረምት የወንዙ ምንጭ ያለበት ጎረቤት አገር የግድቡን በሮች ሊከፍት ሲል «ሰዎቻችሁን ከወንዙ ዳር አንሱ» ብሎ ለውሃ ሚኒስቴሩ ጽፎ ነበር። ደብዳቤው በሰዓቱ ደርሷል፤ ማኅተሙም ቀኑም አለበት። ግን አንድ ጠረጴዛ ላይ ስድስት ቀን ተኛ። በሰባተኛው ቀን ውሃው ወንዝ ዳር ያለችው ከተማ ገብቶ አሥራ ዘጠኝ ሰው ወሰደ። ተመራማሪዋ እዚያ ሁለት ወር ተቀምጣ ቤት ለቤት ጠይቃለች። የደብዳቤውን ቅጂ ደግሞ ከድንበር ማዶ ባለ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር የሙያ ባልደረባዋ ነው የላከላት።

ረቂቁን ጠቅልላ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወደ ዳይሬክተሩ ቢሮ ወጣች። የምትሠራበት የዓለም አቀፍ ጉዳዮች ጥናት ተቋም ዳይሬክተር ድሮ አስተማሪዋ ነበሩ።

«ዶክተር፣ ደብዳቤው የት ገባ?»

«እስቲ መጀመሪያ ቁጭ በይ።»

«አልቀመጥም።»

መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። «ልጄ፣ የእኛ ሥራ ትንተና እንጂ ክስ አይደለም። ሚኒስቴሩ በሩን ከዘጋብን ነገ ማን ይሰማናል?»

«ዛሬስ ማን ሰማን? ደግሞ ክፍተቱ ይጠናከር ብላችኋል! ክፍተት ይደፈናል እንጂ ይጠናከራል እንዴ?»

ዳይሬክተሩ ወረቀቱን አጎንብሰው አዩት። «እውነትሽን ነው። እሱን አርታኢው ያስተካክለዋል።»

በሩን ስትዘጋው ፎቁ በሙሉ ሰማ።

በሳምንቱ «ድንበር ተሻጋሪ ተግዳሮቶች» የተባለው ጉባኤ ተከፈተ። ከእሷ በፊት የተናገሩት ሦስት ምሁራን ስለ አየር ንብረት፣ ስለ ስደትና ስለ ቀጣናዊ ትብብር አሳምረው ተናገሩ፤ የታመመ ሰው ራስጌ ቆመው ስለ በሽታ ታሪክ የሚያወሩ ነበር የሚመስሉት። ተራዋ ሲደርስ የተዘጋጀውን ጽሑፍ ትታ ደብዳቤውን አነበበች። ማኅተሙ ላይ ያለውን ቀን አነበበች። የአሥራ ዘጠኙን ሟቾች ስም አንድ በአንድ ጠራች። አሥራ አራተኛው ላይ ስትደርስ መድረክ መሪው «ሰዓታችን አልቋል» አላት። እሷ ግን ጨርሳ ነው የወረደችው።

ሻይ እረፍት ላይ እየተጠጉ «ጎበዝ!» «ወኔሽ ደስ ይላል!» አሏት፣ በሹክሹክታ። የሚኒስቴሩ ተወካይ ሳይቀር ፈገግ ብሎ ጨበጣት። «ግሩም ግብአት ነው» አለ። ክረምቱ ሊገባ አምስት ሳምንት ቀርቶት፣ ዘንድሮስ ሰዎቹን ማን ያስጠነቅቃቸዋል ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም።

በማግስቱ አውቶቡስ ተሳፍራ ወደ ወንዝ ዳሯ ከተማ ወረደች። ሰዎችን በጀልባ የሚያሻግሩትን ሽማግሌ አገኘቻቸው፤ ጀልባቸው ከስድስት ሰው በላይ ባትይዝም የከተማው ሰው «ካፒቴን» ነው የሚላቸው። እህታቸውን የወሰደው ያ ጎርፍ ነው። ደብዳቤውን ከእጇ ተቀብለው በጣታቸው እየተከተሉ እስከ መጨረሻው አነበቡት።

«ይሄን መቼ አገኘሽው?»

«ስምንት ወር ይሆነዋል፣ ጋሼ።»

«ስምንት ወር?»

«ገምጋሚዎች ማየት ነበረባቸው... ሪፖርቱ እስኪወጣ...»

«እህቴን የገደላት እኮ ጠረጴዛ ላይ የተኛ ወረቀት ነው!» ወረቀቱን መለሱላት። «እነሱ ጋ ስድስት ቀን ተኛ። አንቺ ጋስ? እኛ እዚሁ ነበርን። ስልክ አለን። ሂጂልኝ ከዚህ!»

ለጉባኤው ያሰናዳችው ንዴት ሁሉ ዞሮ ራሷ ላይ ወረደ። ወንዙ ዳር ወረደችና ማዶ ላለው ባልደረባዋ ደወለች።

«የግድቡ በር ሲከፈት ለእኔ ደውልልኝ።»

«እኔ እኮ አይፈቀድልኝም።»

«ለተፈቀደለትማ ሰጥታችሁት ተኛበት!»

«ይሁን እሺ፣ እደውላለሁ» አላት።

ነገሩን ለካፒቴን በሰው ላከችባቸው። እሳቸው ሊያናግሯት ባይፈልጉም ስልክ ቁጥራቸውን ግን በቁርጥራጭ ወረቀት ጽፈው በሰው ላኩላት።

ክረምቱ በገባ በሦስተኛው ሳምንት፣ ረፋዱ ላይ፣ ከጥናቱ ጎን በምታስተምርበት ክፍል ሳለች ስልኳ ጮኸ። «አራት በር ተከፍቷል። ነገ ከሰዓት ይደርሳችኋል» አላት ባልደረባዋ። ተማሪዎቿን እንደተቀመጡ ትታ ወደ ኮሪደሩ ወጣችና ለካፒቴን ደወለች። ካፒቴን በየቤቱ እየዞሩ፣ አልሄድም ያለውን እየተሳደቡ፣ የከተማውን ሰው ኮረብታው ላይ አወጡት። ውሃው መጥቶ ሠላሳ ቤት ጠረገ። ሰው ግን አልሞተም። የሚኒስቴሩ ማስጠንቀቂያ የመጣው ጭቃው መድረቅ ከጀመረ በኋላ ነው።

ያን ሰሞን ዳይሬክተሩ ደወሉላት። «ኮርተንብሻል! ይሄን በዓመታዊ ሪፖርታችን ተቋሙ ያስገኘው ውጤት ብለን ልናስገባው ነው።»

«ብታስገቡት ለጋዜጣ የምጽፈው ስለ ሚኒስቴሩ አይሆንም፣ ስለ እርስዎ ነው» ብላ ጆሯቸው ላይ ዘጋችው።

ካፒቴንና አርባ የከተማው ሰዎች የሚኒስቴሩ ደረጃ ላይ ሄደው ሲቀመጡ እሷም አብራ ተቀመጠች። ካፒቴን ይቅር ብያለሁ አላሏትም፤ ጠጋ ብለው ግን ቦታ ለቀቁላት። ጥያቄያቸው አንድ ነበር፦ በደብዳቤው ላይ የተኛው ማን ነው? በሦስተኛው ቀን አንድ ኃላፊ ወጥቶ፣ ጉዳዩ የተመራለት ሠራተኛ እዚህ እንደሌለ፣ አድጎ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት እንደተዛወረ ነገራቸው።

«አደገ?» አሉ ካፒቴን።

«አዎ፣ በደንቡ መሠረት...»

«የት ነው መሥሪያ ቤቱ?»

ኃላፊው ሳያስበው ወደ ቀኝ አመለከተ። አርባውም ሰው ተነሥቶ አቧራውን አራገፈና ወደዚያው መሄድ ጀመረ።