ሰብስቤ የሚጥላቸው ካርታዎች

ዘገዬ ሲያወራው ነገሩ እንዲህ ነው፦ ሰብስቤ ገና አልወረደም ነበር። የሰበሰባቸውን ካርታዎች ጠረጴዛው ላይ ሳይዘረጋ እጁን ሰደደና፣ ዘገዬ ከዘረጋው መሃል ጆከሩን አነሳ። ያልወረደ ሰው የሰው ጆከር አይነካም፤ ኮንከር የተጫወተ ሁሉ ይህን ያውቃል። ስለዚህ ሌብነት ነው።

ሰብስቤ ሲያወራው ደግሞ እንዲህ ነው፦ ጆከሩ የቆመው በልብ ሰባት ቦታ ነበር፤ የልብ ሰባት ደግሞ እሱ እጅ ላይ ነበረች። ሰባቷን ተካ፣ ጆከሩን ወሰደ። ጨዋታውን በለመደበት ካርቱም፣ ወረደም አልወረደም፣ ምትኩን ያስቀመጠ ጆከሩን ያነሳል። ሌባ መባል ግን በየትኛውም አገር ሕግ የለም።

ሁለቱም አልዋሹም። ኮንከር እንደየሰፈሩ ነው። ሰብስቤ ግን ያን እሁድ ጃኬቱን አንስቶ ሁልጊዜ ከሚጫወቱበት ከእትዬ አፀደ ቤዝመንት እንደወጣ ቀረ።

ዘገዬ መጀመሪያ ሰሞን “የት ይደርሳል፣ ይመጣል” ይል ነበር። ሁለቱም የሚሠሩት ግሮቭፖርት ከተማ አንድ ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን ውስጥ ነው፤ ሰብስቤ ሺፍቱን ቀየረ። አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል። አንዳንድ ቀን የሰብስቤ ግራጫ መኪና ፓርኪንጉ ውስጥ ቆማ ካያት፣ ዘገዬ በር አጠገብ ያለውን ቦታ ትቶ ከጎኗ ሄዶ ያቆማል። ሞተሩን አጥፍቶ ትንሽ ይቀመጥና ወደ ሥራው ይገባል።

የናፈቀው ወሬውን አልነበረም፤ ሰብስቤ ወሬ አያውቅም። የናፈቀው አጣጣሉን ነው። ሰብስቤ ካርታ አይወረውርም። ለእንግዳ እንደሚያቀርብ ሰው ቀስ አድርጎ ያስቀምጥና፣ በጣቱ ወደ ዘገዬ ገፋ ያደርጋታል።

ዛሬ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ዘገዬ ፎረስት ፓርክ ሰፈር እትዬ አፀደ ቤት ሲደርስ፣ የሰብስቤ ወንበር ላይ አንዲት ኮሌጅ ተማሪ ተቀምጣ አገኘ።

“ማህደር ትባላለች፣ የወንድሜ ልጅ ናት” አለች እትዬ አፀደ። “ከፒከሪንግተን ድረስ የመጣችው ጨዋታ ልትለምድ ነው። አስተምራት።”

“በሰብስቤ ወንበር?”

“ወንበሩ የኔ ነው።”

ዘገዬ ካርታውን በወዘና አስራ ሦስት አስራ ሦስት አደለ። “ሁለት ሙሉ ካርታ ነው የተደባለቀው፣ ከነጆከሩ። ሦስት ወይም አራት አንድ ዓይነት ቁጥር ትሰበስቢያለሽ። ወይ ደግሞ በተርታ የሚሄዱ፤ የልብ አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት እንደማለት። ተራሽ ሲደርስ አንድ ታነሺያለሽ፣ አንድ ትጥያለሽ። ከመሃል ትስቢያለሽ፣ ወይም ካንቺ በፊት ያለው የጣለውን ትወስጃለሽ።”

“ዌይት፣ እኔ የጣልኩትን ማን ይወስዳል?”

“ከፈለግኩት እኔ፤ ካንቺ ቀጥሎ ያለሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ የማልፈልገውን ነው የምትጥይው፤ ዋናው ነገር እሱ ነው። ቀጥሎሽ ያለውን ሰው አትመግቢ። የሚያነሳውን እዪ። ሰባት ካነሳ ሰባት አይጣልለትም፤ ስድስትና ስምንትም ያሰጋል። ዓይን ያለው ሰው አይሰጥም።”

ልጅቷ ፈጣን ነበረች። አንድ ካርታ ልትጥል ብላ እጇን አቆመች።

“ጋሼ ዘገዬ፣ ይቺን ትፈልጋታለህ?”

“አይጠየቅም።”

“ኦኬ፣ ፊትህ ነገረኝ” አለችና ካርታዋን መልሳ ሌላ ጣለች።

እትዬ አፀደ እስኪያስላት ሳቀች። ዙር በዙር ተተካ፤ ዘገዬ አንዴም ሳይወርድ ሦስቴ ተሸነፈ።

“ድሮ ዕድለኛ ነበርክ” አለች እትዬ አፀደ።

“ዕድሌ ከዳኛ።”

“ዕድል አይደለም” አለች ማህደር። “የምትፈልገውን ስለማልሰጥህ ነው። ራስህ አይደለህ ያስተማርከኝ?”

ዘገዬ ካርታዎቹን እንደያዘ ቀረ። ሰብስቤ ዓይን ነበረው። የተጣለውን ሁሉ፣ በማን እጅ ምን እንዳለ የሚያስታውስ ሰው ነው። ታዲያ ዘገዬ ሰባት ሲያነሳ እያየ፣ እንዴት በሚቀጥለው ዙር ሌላ ሰባት ይጥልለታል? አንዴ ቢሆን ስህተት ነው። በየእሁዱ ግን?

“እትዬ” አለ። “ሰብስቤ እያወቀ ነበር የሚጥልልኝ?”

እትዬ አፀደ ወደ እሱ ዞረች። “ሚስትህ ስመኝ ትታህ የሄደች ጊዜ፣ ከእንግዲህ አልመጣም ብለህ አልነበር? ያን ለት ሰብስቤ ‘ያሸነፈ ሰው ተመልሶ ይመጣል’ አለኝ። እኔም እየተሸነፍኩ ዝም አልኩ።”

“ሌባ ስለውም ዝም አልሽ።”

“እሱ ዝም ካለልህ እኔ ምን ልበል?”

ዘገዬ ካርታዎቹን ደፍቶ ስልኩን አወጣና ሰብስቤ ጋ ደወለ። ብዙ ጠራ። ሊቆም ሲል ተነሳ።

“ሄሎ።”

“ዘገዬ ነኝ።”

“አውቄሃለሁ።”

በነዚህ ሳምንታት ስለ ጆከሩ ያዘጋጀውን ክርክር ሁሉ ተወው። “ሌባ ስላልኩህ ይቅር በለኝ” አለ።

“ወንበሬን ለልጅ እንደምትሰጡት እትዬ ጠዋት ነግራኛለች” አለ ሰብስቤ።

“ሰጥተናታል። አናስነሳትም።”

“ታዲያ ብመጣስ የት ልቀመጥ ነው?”

“ከኔ ቀጥሎ” አለ ዘገዬ። “ከእንግዲህ የምጥልልህ እኔ ነኝ።”