እዚህ እንስሳ አይገደልም

እታለም የእንስሳት መጠለያውን የብረት በር ገርበብ አድርጋ፣ በትከሻዋ እንደደገፈችው፣ «ሞልቷል አባቴ፤ አንድም ቦታ የለንም» አለች። ይህን ስትል ከጠዋት ወዲህ ሦስተኛ ጊዜዋ ነበር።

ሽማግሌው ከቆሙበት ንቅንቅ አላሉም። ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ ናቸው። እግራቸው ሥር አፍንጫው ዙሪያ የሸበተ ቡናማ ውሻ ተጋድሟል። ሚስታቸው ከሞቱ በኋላ ብቻቸውን ሲኖሩ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ፤ አሁን ልጃቸው ከእንግዲህስ እኔ ጋ ነው ብላ ነገ ልትወስዳቸው ነው። የልጅ ልጃቸው ግን አስም አለበት፤ የውሻ ፀጉር አይስማማውም። ጎረቤቱን አንድ በአንድ ለምነዋል። አሥራ ሦስት ዓመት የሞላው፣ አንድ ዓይኑ የጠፋ ውሻ ማን ይወስዳል?

እታለም አንገቷን ደፍታ ሰማቻቸው። መጠለያውን የሰፈሩ ሰው ተረባርቦ ነው ከአሮጌ መጋዘን ያቆመው። ዳቦ ቤቱ የተረፈውን ይልካል፣ ተማሪዎች ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጡ እንስሳቱን ያጥባሉ። በሩ ላይ «እዚህ እንስሳ አይገደልም» ብላ የጻፈችው ራሷ ናት። ነገር ግን ለአርባ የተሠራው ቤት ስልሳ ሁለት ይዟል። ባለፈው ወር በሽታ ገብቶ ዘጠኝ ቡችሎች በአንድ ሳምንት ሲያልቁ፣ ኮሚቴው ከእንግዲህ አንድም እንዳይጨመር ወሰነ። እሷም እጇን አውጥታ ደግፋለች።

«እዚሁ በሩ ላይ አስሬው ብሄድስ፣ ትጨክኛለሽ?» አሉ ሽማግሌው።

«አልጨክንም። ለዚህ እኮ ነው እንዳያደርጉት የምለምንዎት።»

ሽማግሌው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እንግዲያው የሚገድሉበትን ቦታ ንገሪኝ» አሏት። «ሜዳ ላይ ጥዬው መኪና ከሚገጨው መርፌው ይሻለዋል።»

እታለም መጠለያው ውስጥ በሠራችባቸው ሰባት ዓመታት ይህን የጠየቃት ሰው የለም። ትንሽ እንዲጠብቋት ነግራ ገባችና፣ አንድ ቀን ውሻ እንወስዳለን ላሏት ሁለት ሰዎች ደወለች። አንደኛው አላነሳም። ሁለተኛዋ ባሏ እሺ እንዳላላት ነገረቻት። ተመልሳ ወጥታ መርፌው የሚወጋበትን የእንስሳት ክሊኒክ አቅጣጫ አሳየቻቸው። የውሻው ባለቤት አብሮ ይገባል ወይ ብለው ጠየቋት።

«እንዳይፈራ፣ የሚያውቀው ሰው ቢይዘው ጥሩ ነው።»

ሽማግሌው የውሻውን ገመድ በእጃቸው ጠቀለሉት። «ሚስቴ ስትሞት እጇን ይዤ ነበር» አሉ። «ሁለተኛ አልችልም፣ ልጄ።»

እታለም ሽርጧን ፈትታ በሩ ላይ አንጠለጠለችው።

«ገመዱን ይስጡኝ።»

ሽማግሌው እንደምንም ጎንበስ ብለው በውሻው ጆሮ አንድ ነገር ተናገሩ። እታለም ፊቷን ወደ ሌላ አዞረችላቸው። ዞር ሳይሉ ምርኩዛቸውን እያንኳኩ ሄዱ። ውሻው ሊከተላቸው ሞክሮ ገመዱ ሲይዘው ቆመ፤ ከዓይኑ እስኪጠፉ አያቸው።

ክሊኒኩ ለምሳ ሊዘጋ ሃያ ደቂቃ ቀርቶታል፤ ፈጠን ካሉ ይደርሳሉ። ጥቂት እንደሄዱ ግን ውሻው ፀሐይ የሞቀው ግንብ ሥር ቆሞ ያሸት ጀመር። አሸተተ፣ ዞረ፣ እንደገና አሸተተ፤ በመጨረሻም እግሮቹን ዘርግቶ ተኛ።

እታለም ሰዓቷን አየች። ከዚያ ገመዱን አላልታ አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጠች። ክሊኒኩ ከምሳ በኋላ በስምንት ሰዓት እንደገና ይከፈታል።